የይመር ቤት መዝሙር ለምን ይዘገያል

እኔ ልጅ ሳለሁ እኛ ቤት መረብ ያልያዘ ሰው ወሬ አይሰማም ነበር። እንዲህ ብለሽ ጀምሪልኝ ሰብለ፤ ሌላውን እየሄድን እናስተካክለዋለን።

አያቴ አባባ ይመር ሐይቁ ላይ ዓሣ አስጋሪ ነበሩ። ቀን የተቀደደውን መረብ ማታ ማታ ምድጃው አጠገብ ቁጭ ብለው ይጠግናሉ፤ እኛ የልጅ ልጆቻቸው ዙሪያውን ተኮልኩለን ጠርዝ ጠርዙን ወጥረን እንይዝላቸዋለን። ያኔ መብራት ከተማው ውስጥ እንጂ እኛ ሰፈር አልደረሰም። ያለችን አንዲት ኩራዝ ናት፤ እሷም ለአባባ ጣት እንጂ ለኛ ፊት አትበቃም። ምድጃው ውስጥ የሚነደው ከሐይቁ ዳር ያጨድነው ፊላ ነው፤ ፊላ ደግሞ ቦግ ይልና ወዲያው እልም ይላል፤ ስለዚህ የአባባ ፊት አንዴ ይመጣል፣ አንዴ ይሄዳል፣ ድምፃቸው ግን አይቋረጥም። ጭሱ ዓይናችንን ያቃጥለናል፤ ቤቱ ዓሣ ዓሣ፣ እርጥብ ገመድ እርጥብ ገመድ ይላል። እንቅልፍ የወሰደው ልጅ መረቡን ያላላዋል። አባባ ቀና ብለው ማየት አያስፈልጋቸውም፤ በጣታቸው ያውቁታል። መረቡን አንዴ ሳብ ሲያደርጉት እንቅልፋሙ በግንባሩ ተደፍቶ እግራቸው ሥር ይደርሳል።

«ይሄ ደግሞ ቆሮሶ ነው አምባዛ?» ይላሉ። ያኔ የሳቁ ነገር አይወራ!

የሰው አያት የጅብና የቀበሮ ተረት ያወራል። የኛ አያት ግን አንድ ወሬ ብቻ ነበረቻቸው፤ የቤታችን መዝሙር እንዴት እንደተጀመረ። ቤታችን እንግዲህ የዘማሪ ቤት ነው፤ ታውቂዋለሽ፣ ግን ለማያውቀው ጻፊለት። አባባ ያወጣሉ፣ ሌሎቻችን እንቀበላለን። የተቀባዮቹ አለቃ እማማ አልጋነሽ ናቸው፤ አያቴ፣ የአምባሰል ልጅ። አባቴ ከበሮ ይመታል፤ ከበሮ ካጣ ጀሪካን ይመታል፣ ጀሪካን ካጣ የኔን ጀርባ። ማኅበር ሲወጣ፣ ንግሥ ሲሆን፣ መስከረም ላይ ግሸን ሲኬድ የይመር ቤት ይዘምራል፤ ይመር ደግሞ እኛ አገር ክርስቲያኑም እስላሙም የሚጠራበት ስም ስለሆነ፣ ከሩቅ የመጣ ሰው መጀመሪያ ሲሰማ ምን ሊዘመር እንደሆነ ግራ ይገባዋል።

ከዘመሩም በኋላ ግራ ይገባዋል። ምክንያቱም የይመር ቤት መዝሙር ይዘገያል። አባባ ያወጡና ይጨርሳሉ፤ ከዚያ ዝም። ሰው ሁሉ ይጠብቃል። ዝም። አንድ ትንፋሽ ሙሉ ዝም ካልን በኋላ ነው አንድ ላይ ግልብጥ ብለን የምንቀበለው። የሰፈሩ ሰው «የይመር ቤት መዝሙር ውሃ ቀድቶ ነው የሚመለስ» እያለ ያሾፍብን ነበር። ቃሉም ለሰው ግራ ነው። አባባ እንዲህ ብለው ያወጣሉ፤

«ጭጋጉን ግለጭው፣ የግሸኗ እናቴ፤»

እኛ ደግሞ፣ ከዚያች ትንፋሽ በኋላ፤

«ወዲህ ነው መሬቱ፣ ወዲህ ነው አባቴ።»

ይሄ ነው መዝሙሩ። ሌላም ሌላም ስንኝ አለው፤ መቀበያው ግን ምንጊዜም «ወዲህ ነው» ነው።

ታዲያ አባባ መረቡን እየጠገኑ የሚያወሩት ይሄ ከየት እንደመጣ ነው። የእሳቸው አባት፣ አያ ካሳ፣ እሳቸውም አስጋሪ፣ አንድ ቀን ታንኳ ላይ ሳሉ ጭጋግ ወረደባቸው። ጭጋጉ መጀመሪያ የሰማሁት ጊዜ እንደ ነጠላ የሳሳ ነበር። በዓመቱ እንደ ጋቢ ሆነ። እኔ ስምንት ዓመት ሲሞላኝ አያ ካሳ የገዛ ቀዘፋቸውን ጫፍ ማየት ተስኗቸው፣ ዓሣው ራሱ መንገድ ጠፍቶት ታንኳው ውስጥ ይገባ ጀመር። የሐይቁ ገዳም ደወል እንኳ ይደወላል፣ ግን ከየት እንደሚደወል አይታወቅም። አያ ካሳ የሚይዙት የሚጨብጡት ሲያጡ የግሸኗን እየተማፀኑ ማዜም ጀመሩ። ሚስታቸው ዳር ላይ ቆማ ሰማች። ወዲያው ልትመልስ አፏን ከፈተችና ተወችው፤ መጀመሪያ ድምፁ ከየት እንደመጣ ጆሮዋን ጣል አደረገች፤ ከዚያ ፊቷን ወደዚያው አዙራ «ወዲህ ነው!» ብላ ተቀበለች። እሳቸውም ሰምተው አዳመጡ፤ ደግሞ አወጡ። እንዲያ እየተቀባበሉ መሬት ደረሱ።

«ሳታዳምጡ አትመልሱ» ይላሉ አባባ መጨረሻ ላይ። «የመዝሙራችን ሕጉ ይቺ ናት።»

እማማ አልጋነሽ ከጓዳ ሆነው አያስጨርሷቸውም። «መዝሙሩን የጀመረችው ሴትዮዋ ናት በላቸው እንጂ! ያለ ተቀባይ መዝሙር ምንድነው? ጩኸት!»

«ሳይወጣ ምን ትቀበላለች?»

«ሳትቀበል ሰምጦ ነበራ!»

በዚህ ሲጨቃጨቁ መረቡ ይጠገናል። እኔ አንድ ጊዜ «አባባ፣ ለምን ዝም ብለው አልጮሁም?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ጩኸት አጭር ናት የኔ ዓለም» አሉኝ፣ «ከየት እንደመጣች ሳትነግርሽ ታልቃለች። ዜማ ረጅም ናት፤ ጫፏን ይዘሽ ትጎትቻታለሽ፤ እንደዚህ» አሉና መረቡን ጎተቱ፤ ወንድሜ ተኝቶ ኖሯል፣ መጣ።

ይሄን ወሬ እኛ ስንሰማው ኖረን ስንሰማው ሰለቸን። ጆሮዋን ሰጥታ የምትሰማ አንዲት ሰው ብቻ ነበረች፤ ጎረቤታችን እትዬ ከድጃ። ከድጃ ከአባባ ጋር በፍየል ነገር ለዘመናት የተጣላች ሴት ናት፤ ፍየሏ የአባባን መረብ ገመድ ትበላለች፣ አባባ ይረግማሉ፣ ከድጃ ትመጣና «ፍየሌን አትርገምብኝ፣ አንተ ገመድህን ከፍ አድርገህ ስቀል!» ትላለች፤ ተሰዳድበው ሲያበቁ ጥጉ ላይ ቁጭ ብላ መረብ ትይዛለች። ሐሙስ ሐሙስ ሴቶቹ ለዱዓ ሲሰበሰቡ መንዙማ የምታወጣ እሷ ናት፤ ስለዚህ ስለማውጣትና ስለመቀበል ሲወራ ሙያዋ ነው። እኛ ስናንኮራፋ እሷ «እሺ፣ ከዚያስ?» እያለች ታስወራቸው ነበር።

አሁን አጎትሽን፣ ታላቅ ወንድሜን ጌታቸውን አምጪልኝ። አይ፣ ሽማግሌውን ጌታቸው አይደለም፤ ያኔ ጎረምሳ ነው፣ ደሴ ተምሮ የመጣ፣ ሰንበት ትምህርት ቤት የገባ፣ ፀጉሩን ወደ ጎን ያበጠረ፣ ውሃ ሲጠጣ እንኳ «ሥርዓት አለው» የሚል። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ከአጥቢያችን ሰው ጋር ግሸን ስንሄድ የደሴ ወጣቶች አብረውን ነበሩና፣ መዝሙራችን ሲዘገይ አንዷ ቆንጆ ልጅ «ምነው፣ ረሱት እንዴ?» ብላ ሳቀች። ጌታቸው ዓመቱን ሙሉ ያቺ ሳቅ ጆሮው ውስጥ ቀረች።

በዓመቱ ጳጉሜ ላይ፣ እንደልማዳችን መረብ ይዘን ተቀምጠን፣ ጌታቸው ጉሮሮውን ጠረገ።

«አባባ፣ አንድ ነገር ልናገር። ማርያምን ‹ወዲህ ነው አባቴ› ብሎ መቀበል ምን ማለት ነው? እሷ እናት ናት። ደግሞስ መሬቱን ለማን ነው የምናሳየው? ለእሷ?»

«ለአማቴ ነው እንጂ!» አሉ እማማ። «ሰውዬው ታንኳ ላይ ነው እኮ!»

«እማማ፣ ሞተዋል!»

«ያኔ አልሞተም!»

«እሺ ይሁን። ዜማውስ? በአምባሰል ቅኝት ነው። ዓለማዊ ቅኝት ነው ይሉናል።»

አባባ ከመረቡ ቀና አላሉም። «አምባሰል አገር ነው። ግሸን ያለችው የት ነው? አምባሰል። ታዲያ ማርያም ዓለማዊ አገር ላይ ነው የተቀመጠች?»

ከድጃ ከጥጉ «ወላሂ አሁን መለሰልህ!» አለች። ሁላችን ሳቅን። ጌታቸው ግን ሳቁ ሲነካው ይባስ እልህ ያዘውና፣ ባይወጣ የሚሻል ነገር ከአፉ አወጣ።

«መዘግየቱ ይቅር። ደግሞም ድምፅዎ ደክሟል አባባ። ዘንድሮ ግሸን ላይ እኔ ላውጣ።»

እመኚኝ ሰብለ፣ ማንም ሳይተኛ መረቡ ከሁላችን እጅ አንዴ ላላ። አባባ ጠርዙን ቀስ ብለው ሰበሰቡት። አጠፉት። መቼም መረብ ሳይጨርሱ አጥፈው አያውቁም።

«መልካም» አሉ። «ግሸን ወጥቼ ደጇን እስክሳለም አንዲት መዝሙር አላወጣም። በግሸኗ ማርያም!»

«ኧረ አንተ ሰውዬ፣ አፍህን ሰብስብ!» አሉ እማማ፤ ግን ተምሏል። በግሸን የማለ ሰው ደግሞ፣ እኛ አገር፣ መሐላውን ከሚበላ መረቡን ቢበላ ይሻለዋል።

በማግስቱ ማለዳ አባባ ማንንም ሳያናግሩ ታንኳቸውን ገፉ። ሌላ ጊዜ ታንኳው ውሃ ሲነካ አንዲት ስንኝ ያወጣሉ፤ እኛ ከመኝታችን፣ ከነእንቅልፋችን፣ ትንፋሻችንን ጠብቀን እንቀበላለን፤ ሄዱ ማለት ነው፣ ተመልሰን እንተኛለን። ያን ማለዳ ምንም አልተሰማም። ዝምታው ነው የቀሰቀሰኝ። እማማ በሩ ላይ ቆመው «ኩርፊያውን ጭኖ ሄደ» ሲሉ ሰማሁ።

ከዚያ ጭጋጉ መጣ። እኔ እስከዚያ ቀን የአባባን ጭጋግ ያጋነኑት ይመስለኝ ነበር። ከሐይቁ ላይ ተነሥቶ መጀመሪያ ፊላውን ዋጠ፣ ቀጥሎ መንገዱን፣ ቀጥሎ የከድጃን ቤት፤ ፍየሏ ስታለቅስ ትሰማለች እንጂ አትታይም። ሌሎቹ አስጋሪዎች ሰማዩን አይተው ሳይገቡ ቀርተው ኖሯል። አባባ ተናደው ስለነበር ሰማይ አላዩም። ፀሐይ ይወጣል ባልንበት ሰዓት ጭራሽ ደፈነው፤ ሲረፍድም አልተመለሱ። ከወዲያኛው ዳር ንፋስ ሲነሣ ታንኳ ይገለብጣል፤ ይሄን ሐይቅ ዳር ያደገ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። እማማ ነጠላቸውን አገልድመው ወደ ዳር ሲወርዱ እኛም ከኋላ ከኋላ ተንጋጋን።

አሁን ልብ በይ። የዘማሪ ቤተሰብ ነን፤ አያታችን ጭጋግ ውስጥ ናቸው፤ ምን ማድረግ እንዳለብን ከጡት ጋር የጠባነው ነገር ነው። ምን ያደረግን ይመስልሻል?

መጀመሪያ እሳት አነደድን። በማን ምክር እንደሆነ እስከዛሬ አልታወቀም፤ ሁሉም በሌላው ያሳብባል። እርጥብ ፊላ ቆልለን ለኮስን፤ እሳት አልታየ፣ ጭስ ብቻ። ጭጋግ ላይ ጭስ ጨመርንበት። እኔ እማማን ማየት አቃተኝ፣ እማማ ደግሞ እኔን ጠፋች ብለው ጮሁ፤ አሁን የምንፈልገው ሰው ሁለት ሆነ።

ቀጥሎ ጮህን። አንዱ «አባባ!» ይላል፣ አንዱ «አያ ይመር!»፣ አንዱ «በዚህ!»፣ አንዱ «በዚያ!»፤ አባቴ ጀሪካን ይደበድባል።

ቀጥሎ ጌታቸው «መዝሙር! መዝሙር!» አለና አወጣ። እውነቱን ለመናገር ድምፁ ቆንጆ ነበር፤ ግን ደሴ ተምሮ ለኛም ያስጠናንን አንዲት አዲስ መዝሙር ነው ያወጣ፤ እንዳስጠናንም ገና አፉን ሳይዘጋ ከላዩ ላይ ተደርበን ተቀበልን። እሱም ከላያችን ላይ ተደርቦ ደገመ። እኛም ደገምን። ጀሪካኑም አለ። ሐይቁ ዳር ሠርግ የተደገሰ መሰለ! ሌላ ድምፅ የሚገባባት አንዲት ቀዳዳ እንኳ ጠፋች፤ መርፌ የምታህል ዝምታ የለም። እማማ እየዘመሩ ያለቅሳሉ። እኔ ደግሞ እየዘመርኩ፣ ትናንት ማታ አባባ መረቡን ሲያጥፉት ታየኝና፣ ያልጨረሱትን መረብ ማን ይጨርሰዋል ብዬ አሰብኩ።

በዚህ መሐል ከድጃ ከጭሱ ውስጥ ብቅ አለች፤ ባንድ እጇ የፍየሏን ገመድ ይዛለች፤ ጆሮዋ በሻሽ ተጠምጥሟል፤ ሻሹን ገፋ አደረገችው።

«ዝም በሉ!» አለች።

አልሰማናትም። አባቴ ጋ ሄዳ ጀሪካኑን ነጠቀችው።

«ዝም በሉ እናንተ የይመር ቤቶች! ሰውዬው ቢመልስስ በየት በኩል ይሰማል? ሌት ተቀን ‹ሳታዳምጡ አትመልሱ› የሚላችሁ ለኔ ነበር እንዴ?»

ዝም አልን። ዝም ስንል ምንም የለም። ውሃው ፊላውን ሲልሰው ብቻ።

«አባባ እንዲያወጡ እንጠብቅ» አለ ጌታቸው።

«አያወጣም» አሉ እማማ። «ምሏል። ይሞታል እንጂ አያወጣትም፤ አውቀዋለሁ።»

ያኔ ሁላችንም ነገሩ ገባን። አባባ ማውጣት አይችሉም፣ ተምሏል። እኛ ደግሞ ከማን አብራክ እንደወጣን ረስተን ስንንጫጫ ቆይተን፣ አሁን ማን ደፍሮ ያውጣ? ጌታቸው እማማን ያያል፣ እማማ አባቴን ያያሉ፣ አባቴ ጀሪካኑን ያያል። ከድጃ የፍየሏን ገመድ ለኔ ሰጠችኝ። ፊቷን ወደ ውሃው አዞረች፤ እንደ ሐሙሷ አንድ እጇን ጆሮዋ ላይ አደረገችና በመንዙማ ዜማ፣ ቃሉን እዚያው እየፈጠረች፣ አወጣች፤

«ያ ረቢ ያ ረህማን፣ ባሕር የዘረጋህ፣
ይመርን አምጣልን፣ ከነኩርፊያው ባክህ።»

እና ዝም። ማንም እንዳይተነፍስ እጇን ወደኛ ዘረጋች። አንድ ትንፋሽ። ፍየሏ ልትጮህ አፏን ስትከፍት አፏን ያዝኩት፤ በዚያ ቀን የሠራሁት ሥራ ይሄ ነው፣ ጻፊልኝ።

ከዚያ ከጭጋጉ ውስጥ፣ በጣም ሩቅ፣ ማናችንም ካሰብነው ፍጹም በሌላ በኩል፣ አንድ የሰለለ የሽማግሌ ድምፅ፣ በዜማ፣ ከነመዘግየቱ፤

«አሚን… ያ ረቢ… አሚን።»

እማማ እዚያው እርጥቡ ላይ ቁጭ አሉ። አባባ ላያወጡ እንጂ ላይቀበሉ አልማሉም!

ከድጃ አልሳቀችም። ሥራ ላይ ነች። ጆሮዋን ጣል አድርጋ ጠበቀች፤ «ወደ ትልቁ ወይራ ዛፍ በኩል ነው ያለ፣ እየራቀ ነው» አለች፤ በፊላው መሐል እያቋረጠች ወደዚያ ሄደች፣ እኛም ጭቃው ውስጥ እየሰመጥን ተከተልናት። ደግማ አወጣች፤

«ግራህን ይዘህ ና፣ ቀኝህን ተውና፣
አልጋነሽ በልቅሶ ልታልቅብን ነውና።»

«ማን አለቀሰ? ጭሱ ነው!» ብለው ጮሁ እማማ። ጌታቸው አፋቸውን በእጁ ከደነ። ዝም። ከዚያ ከጭጋጉ፣ አሁን ቀረብ ብሎ፣ «አሚን፣ ያ ረቢ፣ አሚን።» በሦስተኛው ስንኝ የቀዘፋው ድምፅ ተሰማ። በሚቀጥለው የታንኳው አፍንጫ ፊላውን ሰንጥቆ ወጣ፤ አባባ ጺማቸው ጤዛ ተንጠልጥሎበት፣ ከንፈራቸው ጠቁሮ፣ ሦስት ቆሮሶ እግራቸው ሥር። መጀመሪያ ያዩት ከድጃን ነው።

«ከድጃ፣ ግራህን ያልሽኝ ላይ ዘገየሽ፤ ድንጋይ ልገጭ ነበር።»

«የይመር ቤት መዝሙር ነዋ! ውሃ ቀድቶ ነው የሚመለስ» አለችው።

ያኔ ሳቅን፤ እማማ በነጠላቸው እየመቷቸው፣ እየሳሙ፣ እየመቷቸው። አባባ ስንጮህ ስንዘምር ሰምተውን ኖሯል፤ «ከአራቱም ማዕዘን ነበር የምትመጡት» አሉ፣ «እኔም እዚህ ነኝ እያልኩ ጮህኩ፣ ማን ይስማኝ! ወደናንተ ስቀዝፍ ወደ መሐል ገባሁ።» ጌታቸው ታንኳውን ወደ ዳር ጎትቶ ካሰረ በኋላ አንገቱን ደፍቶ ቆመ። አባባ እርጥብ እጃቸውን ትከሻው ላይ አደረጉ። አንዱን ቆሮሶ አንሥተው ለከድጃ ሰጧት። «ለአውጪዋ» አሉ። «ለፍየልሽ ግን ምንም የለኝ።»

እንግዲህ መሐላው እንዳለ ነው። መስከረም ሲደርስ ግሸን ሄድን። ከድጃ ድፎ ዳቦ ጋግራ እስከ አውቶቡሱ ሸኘችን። «ለማርያም ሰላም በሉልኝ» አለች፤ «ሰውዬውን ያወጣሁት እኔ ነኝ በሏት፤ ታውቀኛለች።» አውቶቡሱ እስከሚችለው ወሰደንና አወረደን፤ ከዚያ በእግር ነው። መንገዱ ነጭ ልብስ በለበሰ ሰው ተሞልቷል፤ የደሴዎቹ ወጣቶችም አሉ፣ ያቺም ልጅ አለች። ጌታቸው ሊያወጣ ነው። የትኛዋን ያወጣ ይሆን?

«ጭጋጉን ግለጭው፣ የግሸኗ እናቴ፤»

አባባን ቀና ብዬ አየኋቸው፤ ከኋላ ከተቀባዮቹ መሐል ናቸው፣ ከእማማ ጎን፣ ምርኩዛቸውን ይዘው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀበሉ ያየኋቸው ነው። እማማ በክርናቸው ጎሰም አደረጓቸው፣ ቶሎ እንዳይሉ። አባባን! አንድ ትንፋሽ ጠብቀን ተቀበልን። ልጅቷ ልትስቅ አፏን ከፈተች፤ ግን ዳገቱ ያዛት። ግሸንን የወጣ ሰው ያውቀዋል፤ ያ ዳገት ላይ ስንኝ ጨርሶ ወዲያው የሚመልስ ሳንባ አልተፈጠረም። ትንፋሿን እስክትሰበስብ፣ ሌላውም እስኪሰበስብ፣ የኛ ዝምታ አለቀ። «ወዲህ ነው» ስንል እሷም አብራ አለች። ከፊት ታጥፈው ያለፉት፣ የማናያቸው፣ ከላይ «ወዲህ ነው መሬቱ» ብለው መለሱልን፤ ከታች ገና የሚመጡት የሰሙትን ይዘው ቀጠሉ። ተራራው ሙሉ ዘገየ።

ደጃፉ ላይ አባባ ወድቀው ተሳለሙ። መሐላው ተፈታ። ሁላችን ዞረን ጠበቅናቸው፤ ጌታቸውም ወደ ጎን ለቀቀላቸው። አባባ አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ ዘጉት። «አልጋነሽ እውነቷን ነው» አሉ፤ «መቀበሉ ነው ሥራው። አንተ ቀጥል ልጄ።» እማማ ይህን ቃል ከዚያ ወዲህ እስኪሞቱ ድረስ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ሲናገሩ ኖሩ፤ አባባም ለሁሉ «አላልኩም» እያሉ ሲክዱ ኖሩ።

ማታ ማታ መረብ ጥገናው ቀጠለ። ወሬዋ ግን ተለወጠች። አባባ አያ ካሳን ትተው የራሳቸውን ጭጋግ ያወሩ ጀመር፣ እሱም በየዓመቱ ይወፍራል፤ ከድጃ ከጥጉ ታርማቸዋለች፤ የሷም ስንኝ በየዓመቱ ይረዝማል። እኔ ከዚያ በኋላ መረብ አላልቼ አላውቅም።

አሁን አባባና እማማ የሉም፤ ከድጃም የለችም። ጌታቸው ሽማግሌ ሆኖ ያወጣል፣ እኔ የተቀባዮች አለቃ ነኝ፣ አንቺ ደግሞ በስልክሽ ትቀጂናለሽ። ባለፈው እሑድ የላክሽልኝን ሰማሁት፤ ድምፃችን ጥርት ብሏል፣ እግዜር ይስጥሽ። ግን ጌታቸው ሳይጨርስ እኛ ገባን፤ ዝምታዋን ቆረጥሻት። ሰው ዝም ሲል ስልኩ የተበላሸ ይመስለዋል አልሽኝ። ይምሰለው። መልሰሽ አስገቢያት ሰብለ፣ አንዲቷን ትንፋሽ።

አባባ ገና ውሃው ላይ ናቸው።